የግዢ ትዕዛዙ የት ይወለድ? የግዢ ሶፍትዌር ለመትከል ላሰቡ

የግዢ ክፍል ኃላፊ፣ የፋይናንስ ሰው ወይም የድርጅት ባለቤት ከሆኑ ይህ ጉዳይ አንድ ቀን ጠረጴዛዎ ላይ መድረሱ አይቀርም። ግዢውን ከወረቀት አውጥተን ኮምፒውተር ላይ እናድርገው ይባላል። ሻጮች ይመጣሉ፤ ስክሪን ከፍተው ያሳያሉ፤ ሁሉም ያምራል። ከዚያ አንዱ ይጠይቃል፦ «በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይሁን ወይስ ክላውድ ላይ?» ብዙ ድርጅት ውይይቱን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። እሱ ሳይመለስ ስለ ሰርቨርና ስለ ክላውድ መከራከር ገንዘብ ያስወጣል።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። አንድ ግዢ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ዕቃ የፈለገው ክፍል የግዢ መጠየቂያ ይሞላል። አለቃው ያጸድቃል። ግዢ ክፍል ከአቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ያወዳድራል፣ ይመርጣል። የግዢ ትዕዛዝ ይጻፋል። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ገቢ ያደርጋል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። አቅራቢው የሽያጭ ደረሰኙን ያመጣል። ሒሳብ ክፍል ትዕዛዙን፣ የገቢ ሰነዱንና ደረሰኙን አመሳክሮ ይከፍላል።

በትልልቅ ድርጅቶች የዚህ መንገድ የኋለኛው ግማሽ፣ ማለትም መጋዘኑና ሒሳቡ፣ ብዙ ጊዜ ኢአርፒ ውስጥ ነው ያለው። ኢአርፒ የሚባለው የድርጅቱን ሒሳብ፣ ንብረት፣ ሽያጭና ሠራተኛ በአንድ የመረጃ ቋት የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። የፊተኛውን ግማሽ፣ ማለትም መጠየቂያውን፣ ማጽደቁን፣ ፕሮፎርማውንና የአቅራቢዎችን መዝገብ የሚይዘው ደግሞ የግዢ ሶፍትዌር ነው። አንዳንዱ የግዢ ሶፍትዌር አቅራቢው ራሱ ገብቶ ዋጋ የሚሞላበትና ክፍያው የት እንደደረሰ የሚያይበት በር አለው። ያ በር ፖርታል ይባላል።

ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙት የግዢ ትዕዛዙ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ትዕዛዙ የሚወለደው በየትኛው ሶፍትዌር ውስጥ ነው? ትዕዛዙ የተወለደበት ሶፍትዌር ባለቤቱ ይሆናል። ዋጋ ቢስተካከል፣ ብዛት ቢቀነስ፣ ትዕዛዙ ቢሰረዝ የሚነካው እዚያ ነው። ሌላው ቦታ ያለው ቅጂ ብቻ ነው።

ይህን በምሳሌ ለማየት ኤስኤፒ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያወጣውን ኤስአርኤም የተሰኘ የግዢ ሶፍትዌር እንውሰድ። ዛሬም የሚጠቀሙበት ድርጅቶች አሉ። እሱን የመረጥኩት ሦስቱን መንገዶች ስም አውጥቶ በግልጽ ስለለያቸው ነው። የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ቢገዙም ከሦስቱ ወደ አንዱ የሚጠጋ ሆኖ ያገኙታል።

የመጀመሪያው መንገድ ክላሲክ ይባላል። ሠራተኛው የሚፈልገውን ዕቃ በግዢ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይመርጣል፤ አለቃው እዚያው ያጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ግን ትዕዛዙ የሚፈጠረው ኢአርፒው ውስጥ ነው። ገቢ ማድረጉም፣ ደረሰኙም፣ ክፍያውም እዚያው ይቀጥላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። መጋዘንና ሒሳብ ክፍል የለመዱትን ሥራ አይቀይሩም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው አንድ መዝገብ ነው።

ጉድለቱስ? የግዢ ሠራተኛው ሁለት ስክሪን ላይ ይሠራል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በግዢ ሶፍትዌሩ ውስጥ የጸደቀው መጠየቂያው ነው እንጂ ትዕዛዙ አይደለም። ትዕዛዙ ኢአርፒ ከገባ በኋላ አንድ ሰው ዋጋውን ቢቀይር ለውጡ በመጀመሪያው የማጽደቅ ሰንሰለት አያልፍም። ስለዚህ ኢአርፒው ውስጥም ለብቻው የማጽደቂያ ደንብ መሠራት አለበት። ይህን መንገድ ከመረጡ ሻጩን «ከጸደቀ በኋላ ዋጋ ሲቀየር ማን ያያል?» ብለው ይጠይቁት።

ሁለተኛው የተስፋፋ ክላሲክ የሚባለው ነው። እዚህ ትዕዛዙ የሚወለደው በግዢ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ወደ ኢአርፒ የሚሄደው ቅጂው ነው፤ ያ ቅጂ እዚያ እንዳይነካ ይቆለፋል። ግዢ ክፍል ከፕሮፎርማ እስከ ትዕዛዝ ያለውን ሥራ በአንድ ቦታ ይጨርሳል። ለውጥ ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል፤ ስለዚህ ቁጥጥሩ የጠበቀ ነው።

ይህ መንገድ የሚፈተነው ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ቅጂው በሰዓቱ ካልደረሰ ችግሩ የሚታየው በመጋዘኑ በር ላይ ነው። መኪናው ዕቃ ጭኖ ቆሟል፤ የንብረት ሠራተኛው ኢአርፒውን ከፍቷል፤ የትዕዛዝ ቁጥሩ ግን የለም። ወይ ዕቃው ይመለሳል፣ ወይ በወረቀት ገቢ ይሆንና በኋላ ይስተካከላል ይባላል። በኋላ ይስተካከላል የተባለ ነገር ዓመት መዝጊያ ላይ ምን እንደሚሆን ሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። በተጨማሪም የዕቃ መለያው፣ የአቅራቢው መረጃና የበጀት መደቡ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ያንን በየቀኑ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። የዚያ ሰው ደመወዝ በሻጩ ፕሮፎርማ ላይ አይታይም።

ሦስተኛው ራሱን የቻለ ይባላል። መጠየቂያው፣ ትዕዛዙ፣ ገቢውና ደረሰኙ በሙሉ በግዢ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያልቃሉ። ወደ ኢአርፒው የሚተላለፈው ሒሳቡ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ይከፈል፣ ከዚህ በጀት ይቀነስ የሚል። ሥራው ቀላል ነው፤ መገናኛውም ጥቂት ነው። ነገር ግን መጋዘኑ ስለ ዕቃው አያውቅም። ስለዚህ ለጽሕፈት መሣሪያ፣ ለጽዳት ዕቃ፣ ለጥገና አገልግሎት፣ ማለትም ተገዝቶ ወዲያው ሥራ ላይ ለሚውል ነገር ይሆናል። ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አይሆንም። የምርት ዕቅዱ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ ማወቅ አለበት፤ በዚህ መንገድ የተገዛውን አያየውም።

«ከሦስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ ነው?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ኤስአርኤም በዕቃ ዓይነት እየለዩ ማቀላቀልን ይፈቅዳል። ጥሬ ዕቃ በአንዱ መንገድ፣ የቢሮ ዕቃ በሌላው ሊሄድ ይችላል። እኔ ግን በደንብ የሚሠራ ኢአርፒ ያለው ድርጅት ከመጀመሪያው መንገድ ቢጀምር እመርጣለሁ። መስመር በተቋረጠ ቀን ሥራው የማይቆመው በዚያ መንገድ ነው፤ የጸደቀው መጠየቂያ አንዴ ከተሻገረ የቀረው ሥራ በሙሉ በአንድ ቦታ ያልቃልና።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሶፍትዌሩ የት ይቀመጥ? እዚህም ሦስት ምርጫ አለ። ኢአርፒው ውስጥ አብሮ ይጫናል፣ ወይም አጠገቡ በራሱ ሰርቨር ላይ ይቆማል፣ ወይም ከሌላ ድርጅት ማሽን ላይ በኪራይ ይወሰዳል።

አብሮ መጫን ርካሽ ይመስላል፤ በብዙ መልኩም ነው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ባክአፕ፣ አንድ የይለፍ ቃል። መረጃው በአንድ ቋት ስላለ የአቅራቢ ስም ሁለት ቦታ አይጻፍም። ችግሩ ሁለቱ ሶፍትዌሮች ዕጣቸው አንድ መሆኑ ነው። አንዱን ለማደስ ሌላውም አብሮ መቆም አለበት። የአንዱ አዲስ ስሪት ከሌላው አሮጌ ስሪት ጋር ካልተስማማ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

የኤስኤፒ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ኩባንያው ኤስአርኤምን ከቀድሞው ኢአርፒው ጋር በአንድ ላይ መጫን ፈቅዶ ነበር። ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ ያንን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ ፎር ሃና የተባለው አዲሱ ኢአርፒ ወጣ። በአዲሱ ውስጥ አብሮ መጫን አይቻልም። ኤስአርኤምን በራሱ ማሽን ላይ ለይተው የያዙ ደንበኞች ከአዲሱ ጋር እንደገና ማገናኘት ቻሉ። አብረው የጫኑት ግን ወደ አዲሱ ለመሻገር የግዢ ሥራውን መጀመሪያ ነቅለው ሌላ ቦታ መስጠት ነበረባቸው። ለቀድሞዎቹ ምርቶች የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም ቀነ ገደብ አለው። ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ቀኑን ከ2025 ወደ 2027 መጨረሻ አራዝሞታል፤ ተጨማሪ ለሚከፍል ደግሞ እስከ 2030 ይቆያል።

ስለዚህ ከሻጩ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይቀበሉ። አንደኛ፣ አብሮ ሲጫን የማይሠሩ አገልግሎቶች ዝርዝር። ሁለተኛ፣ ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን። ሁለቱንም በቃል ብቻ የሚነግርዎ ሻጭ ሥራውን በደንብ አያውቅም፣ ወይም አውቆ እየሸሸ ነው።

ለብቻው ማቆም ነጻነት ይሰጣል። በፈለጉ ጊዜ ያድሱታል። ድርጅትዎ እህት ኩባንያዎች ኖረውት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኢአርፒ ካላቸው፣ አንዱን የግዢ ሶፍትዌር ከሁሉም ጋር ማገናኘት ይቻላል። ወጪው ግን ሰው ከሚገምተው ይበልጣል። አንድ ከባድ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ሦስት ቅጂ ይፈልጋል። አንዱ ባለሙያዎች የሚያስተካክሉበት፣ አንዱ የሚፈተንበት፣ አንዱ ሥራው በእውነት የሚሠራበት ነው። ኢአርፒዎ ሦስት ካለው ለግዢ ሶፍትዌሩም ሌላ ሦስት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ዩፒኤሱ፣ ጀነሬተሩ፣ ማቀዝቀዣውና የሚጠብቀው ባለሙያ አለ።

የአቅራቢዎች ፖርታል ካለ ለብቻ ማቆም ከምርጫነት ያልፋል፤ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ፖርታል ማለት ከውጭ ያለ ሰው በኢንተርኔት ወደ ድርጅትዎ ኮምፒውተር የሚገባበት በር ነው። ያ በር የደመወዝና የባንክ መረጃ ወዳለበት ማሽን በቀጥታ መከፈት የለበትም። ጥሩ አሠራር ያላቸው ድርጅቶች ፖርታሉን በውጭኛው አጥር ላይ ያቆሙታል። አዲስ አቅራቢ ሲመዘገብ መረጃው እዚያ ይቆያል። የድርጅቱ ሰው ንግድ ፈቃዱንና ቲን ቁጥሩን አይቶ ሲያጸድቅ ብቻ ወደ ውስጥ ይሻገራል። ሻጩ «አብረን ብንጭነው ይቀልላል» ካለ ፖርታሉ የት እንደሚቆም ይጠይቁት።

ሦስተኛው ምርጫ ክላውድ ነው። ክላውድ ማለት ሶፍትዌሩ በሌላ ድርጅት ማሽን ላይ ተቀምጦ እርስዎ በኢንተርኔት የሚጠቀሙበትና በዓመት ወይም በወር የሚከፍሉበት አሠራር ነው። ለግዢ ሥራ በዓለም ከታወቁት አንዱ አሪባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሠረተ፤ በ2012 ኤስኤፒ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛው። ኤስኤፒ ለግዢ ያሰበውን አዲስ ነገር በአብዛኛው ወደዚያ ወስዷል። ሌሎች ትልልቅ ሻጮችም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ክላውድ ነው። ስለዚህ «በራሴ ሰርቨር ብቻ» የሚል ገዢ ምርጫው ከዓመት ዓመት እየጠበበ መሄዱን ማወቅ አለበት።

የክላውድ ጥቅም እውነተኛ ነው። ሰርቨር አይገዙም። ባክአፕ አይጠብቁም። ሥራ የሚጀመረው በፍጥነት ነው። አቅራቢዎች ከየትም ይገባሉ። ገደቡም እንዲሁ እውነተኛ ነው። ሶፍትዌሩ ለሺህ ደንበኞች አንድ ስለሆነ ለእርስዎ ብቻ ተብሎ አይቀየርም። ሻጩ ሲያድሰው የእርስዎም ይታደሳል፤ «ዓመት እስክንዘጋ ቆይልን» ማለት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ከኢአርፒው ጋር ማገናኘቱም አይቀርም። ብዙ ሰው ክላውድ ሲባል የማገናኘቱ ሥራ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም፤ ይልቁንም መስመሩ ይረዝማል።

በእኛ አገር ደግሞ ሦስት ተጨማሪ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ኢንተርኔቱ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነበር። ያን ጊዜ የግዢ ሥራው ውጭ አገር ባለ ማሽን ላይ ቢሆን ኖሮ ትዕዛዝ መጻፍም ማጽደቅም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ክላውድ ከመረጡ መስመር ሲቋረጥ በወረቀት የሚሠራበት ደንብ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ወረቀቱ የራሱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው። መስመሩ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባው ስሙ ይታወቅ።

ሁለተኛው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በኪራይ ሒሳብ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ለምሳሌ ያህል ኪራዩ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 40 ዶላር ነው እንበል። 30 ተጠቃሚ ካለ በዓመት 14,400 ዶላር ይሆናል። በ57 ብር ሲታሰብ 820,800 ብር ነው። በ130 ብር ሲታሰብ 1,872,000 ብር ይሆናል። ሶፍትዌሩ ያው ነው፤ ሠራተኛው ያው ነው፤ በጀቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር መግዣው አንዴ ስለሚከፈል ይህ ድንጋጤ ይቀንሳል። ክላውድ የሚከራይ ግን በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ማግኘት አለበት። ክፍያው ቢዘገይ መግቢያው ሊዘጋ ይችላል። ስንት ቀን እንደሚታገሱ በውሉ ላይ ይስፈር።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ ይደነግጋል። «አቅራቢ እንጂ ሰው አይደለም» እንዳይሉ። በግል ነጋዴነት የተመዘገበ አቅራቢ ሰው ነው። ስሙ፣ ስልኩ፣ የባንክ ሒሳቡና የመታወቂያው ቅጂ በመዝገብዎ ውስጥ አለ። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያሳዩ።

የመሃል መንገድ የለም? አለ። ሰርቨሩን ራስዎ ሳይገዙ አገር ውስጥ ካለ የዳታ ማዕከል ቦታ መከራየት ይቻላል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የግል ማዕከላት አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። ከቢሮዎ እስከ ማዕከሉ ቀጥታ መስመር ከተዘረጋ ወደ ውጭ የሚወስደው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው ሊቀጥል ይችላል። መብራቱንና ማቀዝቀዣውንም ማዕከሉ ይሸከማል። ሶፍትዌሩን የመጠበቁና የማደሱ ሥራ ግን የእርስዎ ነው።

አሁን ስለ ዋጋ በደንብ እንነጋገር። ሻጩ የሚሰጥዎ ፕሮፎርማ ላይ የሚጎላው የላይሰንስ ዋጋ ነው፤ ላይሰንስ የመጠቀም ፈቃድ ማለት ነው። የሚከተሉት ወጪዎች ግን ብዙ ጊዜ ይበልጡታል። በሰርቨር ላይ ለሚጫን ሶፍትዌር በየዓመቱ የድጋፍ ክፍያ አለ። በትልልቆቹ ሻጮች ዘንድ ከላይሰንሱ ዋጋ ሃያ በመቶ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህ ማለት አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላ ላይሰንሱን እንደገና ከፍለውታል። ከዚያ ተከላው፣ የድሮ መረጃ ማስገባቱ፣ ሥልጠናውና ማገናኘቱ አለ። ከሁሉም ዋጋው ለመገመት የሚያስቸግረው ማገናኘቱ ነው። ስለዚህ በቀን ሒሳብ ሳይሆን በተጠናቀቀ ሥራ ይዋዋሉ። «ትዕዛዙ ተሻግሮ፣ ገቢ ተደርጎ፣ ተከፍሎ ሲታይ» ተብሎ ይጻፍ።

ተጠቃሚ ሲቆጠር ደግሞ ይጠንቀቁ። በወር አንዴ ገብቶ የሚያጸድቅ ኃላፊ ቀኑን ሙሉ ከሚሠራው ጋር እኩል ይከፈልበታል? አቅራቢው ወደ ፖርታሉ ሲገባ ይቆጠራል? አንዳንድ ክላውዶች ከአቅራቢውም ያስከፍላሉ። በአሪባ ኔትወርክ አቅራቢው ነጻ አካውንትም የሚከፈልበት አካውንትም ሊኖረው ይችላል። አቅራቢው የከፈለው ደግሞ ተመልሶ ዕቃው ዋጋ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ሌላ የተደበቀ ወጪ አለ፤ ይኼኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። ዲያጂዮ የተባለው የብሪታንያ የመጠጥ ኩባንያ፣ በእኛ አገር ሜታ አቦን ለዓመታት ይዞ የነበረው፣ የኤስኤፒን ኢአርፒ ይጠቀም ነበር። የሽያጭ ሠራተኞቹና ደንበኞቹ በሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ይሠራሉ፤ ያ ሶፍትዌር ደግሞ ከኢአርፒው ጋር መረጃ ይለዋወጣል። ኤስኤፒ «በሌላ ሶፍትዌር በኩልም ቢሆን የእኔን ተጠቅመዋል» ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ፍርድ ቤት መጠኑን ለጊዜው ሳይወስን ተጨማሪ ክፍያ እንደሚገባ ፈረደ። በቀጣዩ ዓመት ኤስኤፒ በሚፈጠረው ሰነድ ብዛት የሚታሰብ ሌላ የክፍያ ስልት አወጣ።

ይህ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። የሌላ ኩባንያ የግዢ ሶፍትዌር ገዝተው ከኢአርፒዎ ጋር ሲያገናኙ፣ ሁለት መቶ አቅራቢዎች በተዘዋዋሪ ኢአርፒዎን መጠቀም ጀመሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለግዢ ሶፍትዌሩ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ለኢአርፒው ሻጭም ደብዳቤ ይጻፉ። «ይህን ባገናኝ ተጨማሪ ላይሰንስ ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ፋይል ውስጥ ያኑሩ።

«እኛ ትንሽ ነን፤ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገናል?» ካሉ እውነት አለዎት። ትዕዛዝዎ በወር ከጥቂት አሥሮች ካላለፈ ለየብቻ ሁለት ሶፍትዌር አይግዙ። እንደ ኦዱና ኢአርፒኔክስት ያሉ ለማንም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮች የግዢና የመጋዘን ክፍል አብሮ አላቸው። የኦዱ ነጻ ስሪትና ኢአርፒኔክስት ያለ ላይሰንስ ክፍያ በራስ ሰርቨር ላይ መጫን ይችላሉ። ገደባቸውን ግን ይወቁ። የኦዱ ሙሉ የሒሳብ ክፍል ያለው በሚከፈልበት ስሪት ውስጥ ነው። ሁለቱንም የሚተክልና የሚጠብቅ ባለሙያ ክፍያ አለው፤ እሱ ሲለቅም የሚተካው መኖር አለበት።

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ሁሉ እዚህ ሲተከል የሚገጥመው ሌላም ፈተና አለ፤ የዘመን አቆጣጠራችን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ማለት ነው። ወራችን 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜ ደግሞ ወይ አምስት ወይ ስድስት። በየአራት ዓመቱ መስከረም 1 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአንድ ቀን ይገፋል፤ እስከ የካቲት ያሉት ወራት መጀመሪያም አብሮ ይገፋል። ጥሩ ኢአርፒ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ በየዓመቱ ለይቶ ማስተካከል ይፈቅዳል። ነገር ግን ኢአርፒው ተስተካክሎ የግዢ ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በወር መጨረሻ የተጻፈ ትዕዛዝ በአንዱ ሰኔ፣ በሌላው ሐምሌ ይሆናል። ሰኔ 30 ላይ ያ ልዩነት የአንድ ዓመት በጀት ነው። ጳጉሜ በየትኛው ወር ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባም በሁለቱም ቦታ አንድ ይሁን። ዊዝሆልዲንግና ቫትም እንዲሁ ናቸው። አዋጅ ሲቀየር መጠኑን የራስዎ ሒሳብ ሠራተኛ ማስተካከል መቻል አለበት፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ፕሮግራመር መጥራት ካስፈለገ ውድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ የአቅራቢዎችን ዝርዝር ማጽዳት። አንዱ ሠራተኛ «ፀሐይ ንግድ» ብሎ መዝግቦታል፤ ሌላው «ጸሀይ ንግድ»፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደል። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ አቅራቢዎች ናቸው። አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው በዚህ ቀዳዳ ነው። መለያው ስም መሆኑ ቀርቶ ቲን ቁጥሩ ይሁን። አንድ ቲን ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ሶፍትዌሩ እንዲከለክል ያድርጉ። ይህን ሥራ ከተከላው በፊት የሠራ ድርጅት ተከላው ላይ ብዙ ቀን ያተርፋል።

አቅራቢዎችዎ ፖርታሉን ይጠቀሙበታል ወይ የሚለውም ይታሰብበት። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡ ነጋዴዎች የመንግሥትን የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት እየለመዱ ነው፤ ለእነሱ በስክሪን ዋጋ ማስገባት አዲስ አይደለም። መርካቶ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ግን ሥራውን የሚጨርሰው በስልክ ነው። እሱን በፖርታል ካላስገባሁ ብለው ከተጋፉት ጥሩ ዋጋ የሚሰጥዎን ሰው ያጣሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮፎርማውን ግዢ ክፍል ተቀብሎ ራሱ ያስገባ፤ ዋናው ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ አብሮ ይያያዝ።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ሻጩ በራሱ ምሳሌ እንዲያሳይዎ አይተዉት። ባለፈው ወር ከገዟቸው መካከል ሦስት ይምረጡ፤ አንድ ጥሬ ዕቃ፣ አንድ የቢሮ ዕቃ፣ አንድ አገልግሎት። አንዱ በግማሽ የደረሰ ይሁን፤ አንዱ ከጸደቀ በኋላ ዋጋው የተቀየረ። ሦስቱም ከመጠየቂያ እስከ ክፍያ በራስዎ ሰዎች እጅ ይለፉ። በመሃል ላይ መስመሩን ያቋርጡና ምን እንደሚሆን ይዩ። በመጨረሻም ሻጩን «ውላችን ቢያልቅ የአምስት ዓመት ትዕዛዜን በምን መልክ ትሰጠኛለህ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከውሉ አንቀጾች አንዱ ይሁን።